ብሩ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? በትንሽ ድረ-ገጽ የካርድ ክፍያ ስለመቀበል

አክስቴ ሱሉልታ ውስጥ ስድስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላት። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አየሯ ስስ ስለሆነ የእኛም የውጭም ሯጮች ለልምምድ ይመጡባታል። ከአውሮፓ የሚመጣ ሯጭ ክፍል ሲይዝ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «በካርድ መክፈል እችላለሁ?» ይላል። እኔ ደግሞ የቤተሰቡ «ኢንጂነር» ነኝና ሥራው ወደቀብኝ። ክፍል መያዣና ካርድ መክፈያ ያላት ትንሽ ድረ-ገጽ ሠራሁላት። ሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ሠራች።

አንድ ምሽት አንድ እንግዳ ቆይታውን በአንድ ሳምንት ሊያራዝም ፈለገ። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በቤቱ ዋይፋይ፣ በስልኩ የካርዱን ቁጥር አስገብቶ «ክፈል» የሚለውን ተጫነ። በዚያችው ቅጽበት መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም 15 ደቂቃ ጠብቆ ምንም ወሬ ሲያጣ ትዕዛዙን «አልተሳካም» ብሎ መዘገበና ለእንግዳው ኢሜይል ላከለት፦ «ክፍያዎ አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» ሰውየው መብራት ሲመጣ እንደተባለው እንደገና ከፈለ። ጠዋት አክስቴ ደወለች። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለቴ ተቆረጠብኝ እያለ ነው። እኔ የማውቀው አንዱን ነው። በስተርጅና ሌባ ልባል ነው እንዴ?»

ጥፋቱን መብራቱ ላይ ማላከክ ይቀላል። ግን መብራት እንደሚጠፋ የማያውቅ ሰው ሱሉልታ ውስጥ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ያውም በአንድ መስመር ኮድ። መልስ አለመምጣቱን «አልተከፈለም» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች መስመር ነው። ሰበታም ቡራዩም ሆናችሁ ሸቀጥ፣ ክፍል ወይም ኮርስ በድረ-ገጽ ለመሸጥ ካሰባችሁ እናንተም እዚያው ቦታ ላይ መሰናከላችሁ አይቀርም።

«ስክሪንሾት ላኩልኝ»

ከካርዱ በፊት ሁላችንም ከምናውቀው እንጀምር። ቡራዩ ላይ በቴሌግራም ጫማ የምትሸጥ ልጅ አለች እንበል። ደንበኛው በሞባይል ባንኪንግ ወይም በቴሌብር ይልክና «ገብቷል» ብሎ የስልኩን ምስል ይልክላታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይሄ የአገሩ ሁሉ ልማድ ሆኗል። ምስል ግን ምስል ነው። በስልክ ላይ በአምስት ደቂቃ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል፤ በዚህ የተበላ ነጋዴ በየሰፈሩ አለ። ነቃ ያሉት ነጋዴዎች ምስሉን አይተው ዕቃ አይሰጡም። የራሳቸውን ሂሳብ ይከፍታሉ፤ ወይም ደረሰኙ ላይ ያለውን ሊንክ ነክተው መረጃውን ከባንኩ ወይም ከቴሌብር ገጽ ላይ ያያሉ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ እሱ ላይ ነው የተሠራው። ምስሉን ያመጣው ከፋዩ ነው። ሊንኩ የሚያሳየው ገንዘቡን የያዘው ተቋም የመዘገበውን ነው። የመክፈሉን ማስረጃ ከከፋዩ እጅ መቀበል አደገኛ ነው፤ ከፋዩ አጭበርባሪ ባይሆን እንኳ። የአክስቴ እንግዳ ምንም አላጭበረበረም፤ ስልኩ ወሬውን ይዞልኝ ሊመጣ መንገድ ላይ ነበር፣ መንገዱ ተቆረጠ እንጂ።

በሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚሆነው

ደንበኛችሁ ካርዱን አስገብቶ ሲጫን «ብሩ ከእሱ ወደ እኔ ተላለፈ» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት አንድም ሳንቲም አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው መጀመሪያ የክፍያ ጌትዌይ ወደሚባለው ድርጅት ይሄዳል፤ ከእሱ ወደ ነጋዴው ባንክ፣ ከዚያ ወደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ኔትወርክ፣ ከዚያ ካርዱን ወዳወጣው ባንክ። ቪዛና ማስተርካርድ የማንንም ገንዘብ አያስቀምጡም፤ ሥራቸው መልእክት ማመላለስና በባንኮች መካከል ሂሳብ ማወራረድ ነው። ካርዱን ያወጣው ባንክ «ይህን ያህል አለው፤ ይዤዋለሁ» ወይም «የለውም» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። «እሺ» ከተባለ ገንዘቡ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አልወጣም። ባንኮቹ የሚወራረዱት በኋላ ነው፤ እናንተ ሂሳብ ላይ እስኪገባ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ባንኮች ይህን የሚነጋገሩበት ቋንቋ አይኤስኦ 8583 ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መልእክቶቹ በቁጥር ይጠራሉ። 0100 «ይፈቀድ?» የሚል ጥያቄ ሲሆን 0110 መልሱ ነው። መልሱ ውስጥ 00 ካለ ተፈቅዷል፤ 51 ካለ በቂ ገንዘብ የለም፤ 05 ካለ ባንኩ ምክንያቱን ሳይናገር እምቢ ብሏል። ከሁሉም የምወደው ግን 0400 ነው፤ «የቅድሙን ጥያቄ ሰርዝልኝ» ማለት ነው። ኤቲኤም ብር ሳይሰጣችሁ ከሂሳባችሁ ቀንሶ፣ በኋላ ራሱ የመለሰላችሁ ጊዜ አለ? ያን ያደረገው የ0400 ዘመድ የሆነ መልእክት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ይህን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች መስመር እንደሚቆረጥ ከመጀመሪያው አስበውበታል። እኔ ግን አላሰብኩበትም።

በመንገዳችን ላይ ያለች አንዲት ቆንጆ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ደንበኛችሁ የካርዱን ቁጥር ሲሳሳት ገጹ ባንክ ሳይጠይቅ ወዲያው «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ይላል። እንዴት አወቀ? የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1954 ለፓተንት ባስገባው፣ በ1960 በጸደቀለት ስሌት ነው። ለመሞከሪያ የሚያገለግለውን 4111 1111 1111 1111 ውሰዱ። ከግራ ጀምራችሁ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን እያላችሁ በየመሐሉ ያሉትን በ2 አባዙ፤ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 ቀንሱለት። 4 ስትባዛ 8፣ የቀሩት ሰባቱ 1ዎች እያንዳንዳቸው 2 ይሆናሉ፤ ድምሩ 22። ያልተባዙት ስምንቱ 1ዎች 8 ናቸው። 22 ሲደመር 8፣ 30። ለ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩ አጻጻፉ ልክ ነው። አንዷን አሃዝ ብትስቱ አይካፈልም፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞችን ብታገላብጡም እንዲሁ፤ 09ን 90 ካላደረጋችሁ በቀር፣ እሷ ታመልጠዋለች። ይሄ ግን የጣት ስህተትን ብቻ ነው የሚይዘው። ካርዱ እውነተኛ ይሁን፣ የማን ይሁን፣ ገንዘብ ይኑረው አያውቅም።

ከእኛ አገር ሲሆን

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ትምህርት አብዛኛው «ስትራይፕ ላይ ተመዝገቡ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ንግድ ሂሳብ አይከፍትም። ናይጄሪያዊውን ፔይስታክ እ.ኤ.አ. በ2020 ገዝቶ ወደ አፍሪካ ገብቷል፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። አንዳንዶች ውጭ አገር ኩባንያ አቋቁመው ወይም በዘመድ ስም ሂሳብ ከፍተው ይሠሩበታል። ለሰው አልመክርም። ገንዘቡ የእናንተ ሆኖ ሂሳቡ የሌላ ሰው ሲሆን፣ አንድ ቀን ሂሳቡ ቢታገድ የምትከራከሩበት ወረቀት የላችሁም፤ የውጭ ምንዛሪ ሕጉም ሌላ ጣጣ ነው።

እዚህ ያለው መንገድ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የከፈተው ነው። መሠረቱ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የክፍያ ሥርዓት ኦፕሬተሮች መመሪያ ደግሞ ባንክ ያልሆኑ የአገር ውስጥ ኩባንያዎች በጌትዌይነት ፈቃድ እንዲያወጡ በር ከፈተ። እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ያሉት ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ለትንሽ ድረ-ገጽ የእነዚህ ጥቅም በአንድ ውል ብዙ መክፈያ ማግኘት ነው። የሰበታው ደንበኛ በቴሌብር፣ የአዲስ አበባው በሞባይል ባንኪንግ፣ የውጭው በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ይከፍላል፤ እናንተ ጋ የሚመጣው መልእክት ግን አንድ ዓይነት ነው።

ሲመዘገቡ የሚጠየቀው የታወቀ ነው፦ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ፣ መታወቂያ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሥሩ ስለገቡ፣ ንግድ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው አድራሻ የቆየው ይሁን አዲሱ ቀድማችሁ እዩ። የባንክ ሂሳቡ ላይ ያለው ስምና የንግድ ፈቃዱ ስም በአንዲት ፊደል ቢለያዩ መመላለስ ነው። የአክስቴ ስም በአንዱ በ«ሐ»፣ በሌላው በ«ሀ» ተጽፎ ያየነውን እኛ እናውቃለን።

ስለ ምንዛሪ ሁለት ቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ እየተወሰነ ነው። የውጭ እንግዳ ዛሬ ይከፍላል፤ ብሩ እናንተ ጋ የሚገባው ከቀናት በኋላ ነው። በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ፣ ገንዘብ ስትመልሱስ ማን ልዩነቱን እንደሚሸከም ውሉን ሳትፈርሙ ጠይቁ። ኮሚሽኑንም እንዲሁ። ለማነጻጸር ያህል፣ ስትራይፕ አሜሪካ ውስጥ ለአገር ውስጥ ካርድ ያወጣው መደበኛ ዋጋ 2.9 በመቶ ሲደመር 30 ሳንቲም ነው፤ ከ100 ዶላር 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሄዳል ማለት ነው። ትርፋችሁ ቀጭን ከሆነ ይህን ዋጋችሁ ውስጥ ካላሰባችሁት በኪሳራ ትሸጣላችሁ።

የካርዱን ቁጥር አትንኩት

እዚህ ላይ አጭር ነኝ፤ ምክንያቱም መልሱ አንድ ነው። የካርድ ቁጥር በእናንተ ሰርቨር በኩል ፈጽሞ ማለፍ የለበትም።

ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባል የካርድ መረጃ ደህንነት ደረጃ አለ። የሚያስተዳድረውን ምክር ቤት አሜሪካን ኤክስፕረስ፣ ዲስከቨር፣ ጄሲቢ፣ ማስተርካርድና ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2006 አቋቁመውታል። ቁጥሩ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ለአንድ ሰከንድ እንኳ ካረፈ ያ ሁሉ ደንብ እናንተን ይመለከታል። ገጻችሁ ደንበኛውን ወደ ጌትዌዩ መክፈያ ገጽ ከላከውና ካርዱን እዚያ ካስገባ ግን ሸክሙ በአብዛኛው የእነሱ ነው፤ እናንተ ላይ የሚቀረው አጭሩ መጠይቅ ነው። ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት አሃዞች ደግሞ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ማንም ነጋዴ እንዲያስቀምጥ አይፈቀድለትም።

የሚያስፈራኝ ግን ኮዱ አይደለም፣ ዋትስአፑ ነው። የእንግዳ ማረፊያዎች «የካርድዎን ፊትና ጀርባ ፎቶ ይላኩልን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ፎቶ ስልኩ በተሰረቀ ቀን የሌባው ይሆናል። ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በኋላ ደግሞ የሰው መረጃ እንደዋዛ መያዝ በሕግም የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

ከመክፈሉ በፊት ደንበኛውን ኮድ የሚጠይቀው ደረጃ ሦስት-ዲ ሴኪዩር ይባላል። ባንኩ በስልክ የላከውን ቁጥር ያስገባል፤ ወይም በባንኩ መተግበሪያ ያጸድቃል። ደንበኞች ይሰላቹበታል። ግን በዚህ መንገድ ያለፈ ክፍያ ኋላ «እኔ አልከፈልኩም» ቢባልበት ኪሳራው በአብዛኛው ካርዱን ያወጣው ባንክ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጌትዌያችሁ ይህን ከሰጣችሁ አታጥፉት።

ጫልቱና ደረጀ መርካቶ ሊገናኙ

አሁን ወደዚያች አንድ መስመር። ጫልቱ ሱሉልታ ናት፤ ደረጀ ሰበታ፣ በጅማ መንገድ። አዲስ አበባ መሐላቸው ነው። ነገ ጠዋት መርካቶ ተገናኝተው ገንዘባቸውን አዋጥተው ዕቃ ሊገዙ ነው። ሁለቱም ከመጡ ይገዛሉ፤ አንዱ ብቻ ከመጣ የትራንስፖርቱም የቀኑም ኪሳራ ነው። ያላቸው መገናኛ የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው፤ መልእክት ደግሞ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ይጠፋል።

ጫልቱ «ነገ 2 ሰዓት» ብላ ላከች። ደርሶት ይሆን? አታውቅም። ደረጀ «እሺ» ብሎ መለሰ። እሺታው ደርሷት ይሆን? እሱም አያውቅም፤ ካልደረሳት እሷ አትመጣም፣ ስለዚህ እሱም ሊቀር ነው። ጫልቱ «እሺህ ደርሶኛል» ብላ ላከች። ይቺስ ደርሳ ይሆን? እንዲህ እያሉ ሌሊቱን ቢጻጻፉ አንዳቸውም እርግጠኛ አይሆኑም።

ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የተረጋገጠ ነው። ችግሩን አኮዩንሉ፣ ኤካናድሃምና ሁበር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ጻፉት፤ ጂም ግሬይ በ1978 «የሁለቱ ጄኔራሎች ችግር» የሚለውን ስም ሰጠው። ማስረጃው ደግሞ ለተማሪ ሁሉ የሚገባ ነው። የሚያስማማ ዘዴ ተገኘ እንበልና ከሁሉ በጥቂት መልእክት የሚያልቀውን እንውሰድ። የመጨረሻዋን መልእክት የላከው ሰው መድረሷን ሳያውቅ ነው ለመሄድ የሚወስነው። እሷ ብትጠፋም ዘዴው መሥራት አለበት ማለት ነው። እንግዲያው አታስፈልግም፤ አውጧት። ግን ዘዴው ከሁሉ አጭሩ ነው ብለን ነበር፤ አሁን ከእሱም ያጠረ አገኘን። ተጋጨ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዘዴ የለም። የኔትወርኩ ጥራት ይህን አይቀይረውም። መልእክት የመጥፋት ዕድሉ ከሺህ አንድ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው።

የእናንተ ድረ-ገጽና የጌትዌዩ ሰርቨር ጫልቱና ደረጀ ናቸው። ጥያቄ ልካችሁ መልስ ካልመጣ ሦስት ነገር ሆኖ ሊሆን ይችላል፦ ጥያቄው አልደረሰም፤ ደርሶ ገና በሥራ ላይ ነው፤ ወይም ደርሶ፣ ተከፍሎ፣ መልሱ ብቻ ጠፍቷል። ከእናንተ ወገን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። በመካከላቸው መለየት አትችሉም፤ ማንም አይችልም። የእኔ ፕሮግራም ግን መጀመሪያውን መርጦ እርግጠኛ ሆነ።

የዕቁብ ጸሐፊው መዝገብ

ታዲያ ዓለም እንዴት ይነግዳል? ጫልቱና ደረጀ የተቸገሩት እኩል ስለሆኑና በአንድ ሰዓት መወሰን ስላለባቸው ነው። በክፍያ ጊዜ ሁለቱም ግዴታ አይደሉም። እውነቱ በአንድ ቦታ፣ በጌትዌዩ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ እናንተ ደግሞ ደጋግማችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለ፦ መደጋገሙ ጉዳት እንዳይኖረው።

ዕቁብ የገባ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ብር የሚጣልበት ሳጥን ብቻ ቢኖር፣ «ከበደ ጥሏል እንዴ?» ተብሎ ተጠራጥሮ ሲጥል ሁለቴ ይጥላል። ጸሐፊው ግን መዝገብ አለው፤ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላ በኩል ሳምንት። የከበደ የ7ኛው ሳምንት አንዲት ሳጥን ናት። አንዴ ምልክት ከተደረገባት፣ ከበደ ረስቶ እንደገና ቢመጣ ጸሐፊው «የዚህ ሳምንት ከፍለሃል» ብሎ ይመልሰዋል። አሥር ጊዜ ቢጠየቅ አሥር ጊዜ ያንኑ ይመልሳል። ኢንጂነሮች ይህን ጠባይ አይደምፖተንት ይሉታል፤ አንዴ ብታደርገውም አሥር ጊዜ ብታደርገውም ውጤቱ ያው የሆነ ሥራ ማለት ነው።

በኮድ ሲሆን የሳምንቱን ቦታ የሚይዘው እናንተ ለእያንዳንዱ ክፍያ የምትሰጡት መለያ ነው። ቻፓ ላይ ቲኤክስ-ሬፍ ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተለየ መሆን አለበት። ይህን መለያ ደንበኛውን ወደ መክፈያው ገጽ ከመላካችሁ በፊት ዳታቤዛችሁ ውስጥ ጻፉት። በፊት! ከላካችሁት በኋላ ለመጻፍ ከሞከራችሁና በመሐል ሰርቨራችሁ ከወደቀ፣ የማታውቁት ክፍያ ይመጣባችኋል።

ከዚያ ወሬው በሦስት መንገድ ሊደርሳችሁ ይችላል። አንደኛው የደንበኛው ብራውዘር ከፍሎ ወደ ገጻችሁ ሲመለስ ነው። ይሄ ስክሪንሾቱ ነው። «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ አሳዩበት፤ ክፍል አትስጡበት። ማንም ሰው የዚያን ገጽ አድራሻ ብራውዘሩ ላይ ጽፎ ሊከፍተው ይችላል። ሁለተኛው ዌብሁክ ነው፤ የጌትዌዩ ሰርቨር ራሱ በቀጥታ የእናንተን ሰርቨር ያንኳኳል። የእንግዳው ስልክ ባትሪ ቢጨርስ፣ ሱሉልታ በሙሉ ቢጨልም ይሄ መንገድ አይነካም፤ ሁለቱም ሰርቨሮች ያሉት ሌላ ቦታ ነውና። ግን ማንኳኳቱን ያንኳኳው ማን እንደሆነ አረጋግጡ። መልእክቱ እናንተና ጌትዌዩ ብቻ በምታውቁት ሚስጥራዊ ቁልፍ የተሰላ ፊርማ ይዞ ይመጣል፤ እናንተም አስልታችሁ አመሳክሩት። አንዱ ዌብሁክ ሁለት ሦስቴ ሊመጣ እንደሚችልም አትርሱ፤ እንደ ዕቁብ ጸሐፊው ሁኑ።

ሦስተኛው፣ እኔ የረሳሁት፣ መጠየቅ ነው። ጌትዌዮቹ «ይህ መለያ ምን ደረሰ?» የሚባልበት መንገድ አላቸው። ጥያቄው ገንዘብ አያንቀሳቅስም፣ ስለዚህ መደጋገም ይቻላል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ከአምስት፣ ከሃያ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እያላችሁ ክፍተቱን እያሰፋችሁ ጠይቁ። ዌብሁክ ቢመጣም እንኳ አምናችሁ ከመቀበል አንዴ ጠይቁ። መልሱ «ተከፍሏል» ሲል ደግሞ አትቸኩሉ፦ ስንት ነው የተከፈለው? በምን ገንዘብ? በቸልታ በተሠራ ገጽ ላይ ዋጋው የሚላከው ከደንበኛው ብራውዘር ነው፤ ብልጥ ሰው 9,000 የሚለውን 1 ያደርገዋል። አንዲት ብር ይከፍላል፣ ጌትዌዩም በሐቅ «ተከፍሏል» ይላል። መለያውን፣ መጠኑንና የገንዘቡን ዓይነት እናንተ ቀድማችሁ ከጻፋችሁት ጋር አመሳክሩ።

እና ያቺ መስመር? መዝገቤ ላይ «ተከፍሏል» እና «አልተሳካም» ብቻ ነበሩ። አሁን «አይታወቅም» የሚል ሦስተኛ ጨምሬያለሁ። 15 ደቂቃ ዝም ከተባለ ትዕዛዙ ወደ «አይታወቅም» ይገባል እንጂ አይወድቅም። «አልተሳካም» የሚባለው ጌትዌዩ ራሱ በአፉ «አልተሳካም» ሲል ብቻ ነው። ትዕዛዙ እዚያ ላይ እያለ እንግዳው እንደገና ልክፈል ቢል ገጹ አዲስ መክፈያ አይከፍትለትም፤ መጀመሪያ የቀድሞውን ይጠይቃል፤ ለእሱም «የቀደመውን ክፍያዎን እያጣራን ነው፤ እስከዚያ ክፍልዎ ተይዞልዎታል» ይለዋል። ክፍሉን መያዙ የአክስቴ ሐሳብ ነው። እኔ ስለ ኮዱ ስጨነቅ እሷ «ሰውየው የሚፈራው ማደሪያ ማጣቱን ነው» አለችኝ።

የሚመለስ ገንዘብ

ለእንግዳው ሁለተኛውን ክፍያ መለስንለት። ይሄም የራሱ ነገር አለው። ገንዘቡ ገና በእግድ ላይ ካለ ክፍያውን መሰረዝ ቀላል ነው፤ አንዴ ከተወራረደ ግን መመለስ ራሱን የቻለ አዲስ ጉዞ ነው፣ ቀናት ይፈጃል፣ የተቆረጠው ኮሚሽንም ላይመለስ ይችላል። ካልመለሳችሁ ደግሞ ደንበኛው ወደ ባንኩ ሄዶ ይከሳል። ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ እስከ 120 ቀን ነው። ያኔ ገንዘቡ ከእናንተ ላይ ተወስዶ «ማስረጃ አምጡ» ትባላላችሁ። ስለዚህ መለያውን፣ ሰዓቱን፣ ከእንግዳው ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡ። ለአንድ ክፍል ሁለት «ተከፍሏል» ከመጣ አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ለእኔ ይጽፍልኛል፤ እንግዳው እስኪደውል አልጠብቅም።

ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት በመሞከሪያ ቁልፉ አንድ ነገር ሞክሩ። ካርዱን አስገቡ፣ «ክፈል» ተጫኑ፣ ወዲያው ዋይፋዩን ንቀሉ። ከዚያ መዝገባችሁ ምን እንደሚል እዩ። የብዙ ሰው ፕሮግራም የሚፈተነው ሁሉም ነገር ሲሳካ ነው፤ ያን ፈተና ማንም ያልፋል። እኔ ያስተካከልኩትን ልፈትን ሱሉልታ ሄጄ አክስቴን «የቆጣሪውን ብሬከር ላውርድ ነው፣ አትደንግጪ» አልኳት። «ምን ያደክምሃል» አለችኝ፣ «ቡና ጠጥተህ ትንሽ ብትቆይ ራሱ ይጠፋል።» ቡናውን ጠጣሁ። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ግን ትዕግሥቴ አለቀና አወረድኩት።